የጕድጓድ ውሃ አደራ

ይስሐቅ አባቱ አብርሃም ያስቈፈራቸውን የውሃ ጕድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፍነዋቸው ስለ ነበር እንደገና እንዳስቈፈራቸው ኦሪት ዘፍጥረት ያስተምረናል። በአፈር የተደፈነ ጕድጓድ በጕልበት ይከፈታል፤ በነዳጅ የተበከለውን ግን ወደ ቀድሞው ንጽሕናው መመለስ ብዙ ዘመንና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

ከመሬት በታች የተቀበረ የነዳጅ ማጠራቀሚያ በዝገት ይበላል፤ የቧንቧውም መጋጠሚያ ይላላል። የሚያንጠባጥበው ቤንዚን ወይም ናፍጣ በአፈሩ ውስጥ ወርዶ ከውሃው ሲደርስ፣ ከውሃ የቀለለ ስለ ሆነ በላዩ ይንሳፈፋል። በነዳጁ ውስጥ ያለው ቤንዞል የተባለው ቅመም ግን በውሃው ይሟሟል፤ ለረጅም ጊዜ ቢጠጣም የደም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የቤት እመቤት ውሃውን ብታፈላው ተሐዋስያኑ ይሞታሉ እንጂ ነዳጁን አስወግዶ ንጹሕ አያደርገውም።

ይህ አደጋ በሀብታም አገርም ደርሷል። በአሜሪካ፣ በሐዋይ፣ በሆኖሉሉ አጠገብ ሬድ ሂል በተባለ ኮረብታ ውስጥ የባሕር ኃይሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 20 ታላላቅ የነዳጅ ማጠራቀሚያዎች አሠርቶ ነበር። ሕዝቡ የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ከሥራቸው 30 ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በጥር 2006 ዓ.ም. ከአንደኛው ነዳጅ መፍሰሱ ታወቀ፤ ሌሎቹ ግን በሥራ ላይ ቆዩ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. እንደገና ፈሶ 93,000 ያህል ሰዎች የሚገለገሉበትን ውሃ በከለ። ቤተሰቦች ከቧንቧቸው ነዳጅ ሸተታቸው፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የቆዳ ሽፍታም ያዛቸው። የከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ ኧርነስት ላው መርዙ ከከተማው ጕድጓድ እስኪደርስ ሳይጠብቁ፣ ከዋና ዋናዎቹ አንዱ የሆነውን የሐላዋን ጕድጓድ ዘጉት። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመከላከያ ሚኒስትሩ ማጠራቀሚያዎቹ ባዶ ሆነው እንዲዘጉ አዘዙ።

የምዕራብ ሸዋ ሰው የከርሰ ምድርን ውሃ በረከት ያውቃል፤ የአምቦ ውሃ ዝና አገር የሞላ ነውና። ከአምቦ በስተሰሜን በምትገኘው የግንደ በረት ከተማ በካቺሲ እንዲህ ያለ ብክለት ደረሰ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ከተማ ባደገ ቍጥር ማደያና ጋራዥ ይበዛሉ፤ ነዳጅም በበርሜልና በጀሪካን ይከማቻል። ስለዚህ የማደያ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም አስቀድሞ የሕዝቡ ጕድጓድና ምንጭ የት እንዳለ ይመልከት፤ ውሃውን በየጊዜው ያስመርምር፤ ውጤቱንም ለሕዝቡ በግልጥ ይንገር፤ ጥርጣሬ ሲነሣ ደግሞ ጕድጓዱን ዘግቶ ሌላ ውሃ ያቅርብ።

ይህ የቸርነት ሥራ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300ም የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፣ ከእኛም የሚፈለግ አለ። የተቃጠለ ዘይት በጓሮ አንድፋ፤ የላምባ ጀሪካንም ከጕድጓድ አፍ እናርቅ። ውሃው ነዳጅ ቢሸት ወይም በላዩ የቀስተ ደመና ቀለም ቢታይ፣ ለልጆቻችን ከመስጠት ተቈጥበን ለቀበሌው በጽሑፍ እናመልክት፤ መልስ እስኪገኝም አንተው። ጕድጓዱ ከአባቶች ለልጆች የሚተላለፍ አደራ ነውና፣ ሹሙም ነዋሪውም በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ይጠየቁበታል።