ታካሚው ከመተንፈሻ ማሽን መቼ ነው የሚላቀቀው?



«ዶክተር፣ ማሽኑ መቼ ነው የሚነሳለት?» አይሲዩ በር ላይ ከሚጠብቁ ቤተሰቦች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። ከጥያቄው ጀርባ ደግሞ «አንዴ ማሽን ውስጥ ከገባ አይተርፍም» የሚል ፍርሃት አለ። ብዙዎች ግን ይላቀቃሉ። ከባዱ ነገር ትክክለኛውን ቀን መለየቱ ነው።

ያለጊዜው ቢወጣ አየር ያጥረዋል፣ ቱቦውም በጥድፊያ ተመልሶ ይገባል። ድጋሚ ቱቦ የገባላቸው ታካሚዎች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ቢዘገይስ? ለሳንባ ምች መጋለጡ ይጨምራል። ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ዳያፍራም ደግሞ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል፤ ለዚህ ሳምንታት አያስፈልጉም፣ ከ3 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንኳ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ በየቀኑ እናያለን። ማሽን ውስጥ ያስገባው ሕመም ተሻሽሏል? የሚያስፈልገው ኦክስጅን ቀንሷል? የደም ግፊቱ ተረጋግቷል? ማስተኛ መድኃኒቱ ሲቀነስስ ነቅቶ «እጄን ጨብጥ» ሲባል ይጨብጣል?

ይሄን ካለፈ ቱቦው ሳይወጣ የማሽኑን እገዛ በጣም ቀንሰን ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት በራሱ እንዲተነፍስ እንሞክረዋለን። በ1991 ያንግ እና ቶቢን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ቀላል ስሌትም ያግዘናል። በደቂቃ የሚተነፍሰውን ብዛት፣ በአንድ ትንፋሽ ለሚያስገባው አየር በሊትር ማካፈል ነው። 20 ጊዜ እየተነፈሰ በእያንዳንዱ 0.4 ሊትር ካስገባ 50 ይሆናል፣ ጥሩ ነው። 36 ጊዜ እየተነፈሰ 0.24 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን 150 ነው። ከ105 በላይ ሲሆን ትንፋሹ ፈጣንና አጭር ነው ማለት ነው፤ ብዙ አይቆይም፣ ይደክማል።

እኔ ይሄን ስሌት እወደዋለሁ፤ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃዋል። ግን ሁሉን አይነግረንም። ቁጥሩ አሪፍ ሆኖ አክታውን አስሎ ማውጣት የማይችል ታካሚ አለ። ጉሮሮው በቱቦው ምክንያት ያበጠም አለ፤ ይሄ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ቱቦው ከወጣ በኋላ ነው።

ሁሉን ፈተና ካለፉትም ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ቱቦው ድጋሚ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ «ተመልሶ ገባ» ሲባል ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፣ ሐኪሞቹ ተሳስተዋል ብላችሁም አትደምድሙ። እንደውም ማንም ተመልሶ የማይገባበት ክፍል ካለ፣ ታካሚዎቹን ከሚገባው በላይ እያቆየ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሐኪሙን ስታገኙ «መቼ ይወጣል?» ከማለት «ዛሬ በራሱ እንዲተነፍስ ተሞክሯል? ካልሆነስ ምን ከለከለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ የተሻለ መልስ ታገኛላችሁ። ጆሮው የሚከብደው ከሆነ ወይም አማርኛ የማይሰማ ከሆነም ንገሩን። አንዳንዱ «እጄን ጨብጥ» ሲባል ዝም የሚለው ስላልነቃ ሳይሆን ያልነው ስላልገባው ነው እኮ!