ፓወር ሰፕላይ በተለጠፈበት ዋት ብቻ አይገዛም

አሮጌ ኮምፒዩተሩን አሳድጎ ሊሠራበት የሚያስብ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ ዋጋ ሲከራከር ይውልና ለፓወር ሰፕላዩ የተረፈችውን ገንዘብ ይመድባል። ይህ ስሌት የተገለበጠ ነው። ፕሮሰሰሩም፣ ካርዱም፣ የደንበኛ ሥራ የተቀመጠበት ዲስክም የሚመገቡት ከዚያች ሣጥን ነው። እርሷ ስትበላሽ ብቻዋን ላትሄድ ትችላለች።

ጉዳዩ ዛሬ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የኮምፒዩተር ዋና ዋና መለዋወጫ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማሳደግ የብዙ ባለ ሱቅ ምርጫ ሆኗል። በአርባ ምንጭ ሲቀላ ወይም ሴቻ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ፎቶ ቤት ለምሳሌ ቢወሰድ፣ በፓወር ሰፕላይ ላይ ያተረፋት ጥቂት ብር በጥር የሠርግ ወቅት አንድ ዲስክ ብታስከፍለው ኪሳራው የዲስኩ ዋጋ ብቻ አይሆንም። ሠርግ ተመልሶ አይቀረጽም።

ስንት ዋት ይበቃል?

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚለውጥ ዕቃ ነው። በዛሬ ኮምፒዩተር ትልቁን ጭነት የሚሸከመው የ12 ቮልቱ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚስቡት ከእርሱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ኮር አይ5-12400 ፕሮሰሰር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እስከ 117 ዋት ይወስዳል። አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ 170 ዋት ይፈልጋል። ለማዘርቦርዱ፣ ለዲስኮቹና ለማራገቢያዎቹ 60 ዋት ቢያዝ ድምሩ 347 ዋት ይሆናል። ካርዱ ለቅጽበት ከዚህ በላይ ሊስብ ስለሚችል መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረውም 550 ዋት ነው። ጥሩ 550 ዋት ከተገኘ 850 ዋት መግዛት ገንዘብን ሣጥን ውስጥ ማሰር ነው።

ራም ለሚጨምር ወይም ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ለሚቀይር ሰው ደግሞ ጭማሪው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ነባሩ ፓወር ሰፕላይ ጤነኛ ከሆነ መቀየር አያስፈልገውም።

መለያው ላይ ምን ይነበባል?

ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ቁጥር ነው። እውነቱ የሚገኘው በዕቃው ጎን ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ፣ በ12 ቮልት አምድ ሥር ነው። እዚያ የተጻፈው አምፔር በ12 ሲባዛ ትክክለኛው አቅም ይወጣል። «600 ዋት» የተባለ ዕቃ በ12 ቮልት 20 አምፔር ብቻ ካለው፣ ለፕሮሰሰሩና ለካርዱ የሚያቀርበው 240 ዋት ነው። ቀሪው «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። በጥሩ ዕቃ ላይ የ12 ቮልቱ አቅም ከጠቅላላው ዋት ጋር የተቀራረበ ይሆናል።

ሁለተኛው መታየት ያለበት መስመር «ኢንፑት» የሚለው ነው። አንዳንዱ ዕቃ ከ200 እስከ 240 ቮልት ብቻ ይቀበላል፤ ሌላው ከ100 እስከ 240። ለአርባ ምንጭና ለአካባቢዋ ገዢ ይህ ልዩነት ከ50 ወይም ከ100 ዋት ጭማሪ ይበልጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ብዙ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከትራንስፎርመር ራቅ ያለ ሱቅ ቮልቴጁ ሊወርድበት ይችላል። መብራቱ ወደ 170 ቮልት ቢወርድ የመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ሳይቀመጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ሁለተኛው ሥራውን ይቀጥላል።

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲሆን ደግሞ ከኋላ ያለችው ትንሽ ቀይ ማብሪያ ትታይ። 115 ላይ እንዳለች 220 ቮልት ከተሰካባት ፓወር ሰፕላዩ ወዲያው ይቃጠላል።

ሙቀቱና አቧራው

አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ጨንቻ ያለችግር የሚሠራ ዕቃ ሲቀላ ባለ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሊንገዳገድ ይችላል። የአንዳንድ ፓወር ሰፕላይ አቅም የተለካው በ40 ዲግሪ፣ የአንዳንዱ በ50 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከሁለቱ የኋለኛው ይመረጣል። አቧራ የዘጋው ማራገቢያ ግን ጥሩውንም ዕቃ ያቃጥላል፤ በየጊዜው ማጽዳት ወጪ የለውም።

ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮች

ብዙ ገዢ የሚታለልበት ቦታ ይህ ነው። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 እና ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ያሉ ማሽኖች የማዘርቦርድ ሶኬታቸው ከተለመደው ባለ 24 ፒን የተለየ ነው። የመጀመሪያው ባለ 8፣ ሁለተኛው ባለ 6 ፒን ይጠቀማል። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ መደበኛ ፓወር ሰፕላይ ያለ አስማሚ ገመድ አይገጥምም፤ በትንሿ ቀፎ ውስጥም ቦታ አያገኝም። የኦፕቲፕሌክስ 9020 ትልቁ ቀፎ ይዞ የሚመጣው 290 ዋት ነው። የዚህ ዓይነት ማሽን ያለው ሰው ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ቢመርጥ ፓወር ሰፕላዩን ሳይነካ ሊወጣው ይችላል።

ገመዳቸው የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች ሌላ ወጥመድ አላቸው። የአንዱ ፋብሪካ ገመድ በሌላው ዕቃ ላይ ቢገጥምም የውስጥ አሰላለፉ ሊለያይ ስለሚችል ዲስክ ያቃጥላል። ያገለገለ ዕቃ ያለ ራሱ ገመድ አይገዛም።

ቁጠባው ምን ያህል ነው?

በአውሮፓውያኑ 2004 የተጀመረው «80 ፕላስ» ምልክት ፓወር ሰፕላዩ በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ከሚስበው ኤሌክትሪክ ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒዩተሩ እንደሚያደርስ ያሳያል። ብሮንዝ፣ ጎልድና ሌሎቹ ደረጃዎች ከዚያ በላይ ናቸው።

ሻጮች ጎልድን በመብራት ቁጠባ ያሞግሱታል። ቁጥሩ ግን ይታይ። 200 ዋት የሚፈልግ ኮምፒዩተር በ80 በመቶ ከግድግዳ 250 ዋት፣ በ88 በመቶ ደግሞ 227 ዋት ይስባል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ልዩነቱ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለስሌት ያህል አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 6 ብር ቢታሰብ በዓመት 330 ብር ይተርፋል። የዋጋ ልዩነቱን በዚህ ቁጠባ ለመመለስ ብዙ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ብሮንዝ ለአብዛኛው ሱቅ በቂ ነው። ምልክቱ ስለ ቅልጥፍና እንጂ ስለ መከላከያ አይናገርምና፣ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅና ሾርት ሲያጋጥም ራሱን የሚያጠፋ መሆኑ ለብቻው ይጠየቅ።

ዩፒኤስ ሲጨመር

650 ቪኤ ዩፒኤስ 650 ዋት አይደለም፤ የዋት ቁጥሩ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ተፈልጎ ይነበብ። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠው ሞገድ የተቆራረጠ በመሆኑ ከዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር ላይስማማ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከባድ ሥራ ላይ እያለ ዩፒኤሱን ከግድግዳው መንቀል። ካልጠፋ ተስማምተዋል ማለት ነው። ዩፒኤስ የሌለው ሰው መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን አጥፍቶ፣ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቢያበራ ይሻለዋል። የምድር መስመር የሌለው ሶኬት ደግሞ የትኛውንም ጥሩ ዕቃ ዋጋ ያሳጣል።

ከመክፈል በፊት

ዕቃው ከአዲስ አበባ ከመጣ፣ ሲበላሽ መመለሻው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ዋስትናው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከደረሰኙና ከመለያ ቁጥሩ ጋር ይያዝ፤ የመላኪያውን ወጪ ማን እንደሚችልም አስቀድሞ ይወሰን። በጀት ሲወጣም ቅደም ተከተሉ ይለወጥ፤ ፓወር ሰፕላዩ መጀመሪያ ይመደብ፣ በተረፈው ግራፊክስ ካርዱ ይመረጥ። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ካርድ ሥራውን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።