ቤተሰብ ይዞ ድሬዳዋ፤ ከአቅም ሳይወጡ የት ማደር ይቻላል?

ልጅን ዩኒቨርሲቲ መላክ አንድ ነገር ነው፤ ምርቃቱ ላይ ተገኝቶ «ማሻአላህ» ብሎ ማቀፍ ሌላ ነገር። ከደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር ልጆቻቸው ድሬዳዋ ወይም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተመደቡባቸው ወላጆች ይህን በደንብ ያውቁታል። የመንግሥት ምደባ የወላጅን ኪስ አይቶ አይመድብም። ዓመታት በስልክ ብቻ ድምፅዋን የሰሟት ልጅ ካባ የምትለብስበት ቀን ሲቃረብ ቤት ውስጥ ምክክር ይጀመራል። አባት ይሂድ? እናትስ? ትንንሾቹስ? በመጨረሻ አባት ብቻውን ይሄድና እናት ፎቶግራፉን ስትጠብቅ ትከርማለች። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ብሩ አልበቃ ብሎ ነው» ይባላል።

ውድ አንባቢያን፣ የመኪናውን ዋጋ ማናችንም ልንቀንሰው አንችልም። የማደሪያው ወጪ ግን እንደ አያያዛችን ነው። ቀድሞ ያሰበበት ቤተሰብ እናቲቱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ያላሰበበት ደግሞ አባት ብቻውን ሄዶም የሁሉንም ብር አራግፎ ይመለሳል።

ድሬዳዋ ለጎጃም ሰው እንግዳ አገር ናት። የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ስሟ «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐዲዱን የዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ በመሆኑ የጣቢያውም፣ የጥገናው ቤትም፣ የጽሕፈት ቤቱም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ዛሬ ፈረንሳይኛውን አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉት የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ቃላቱ ግን እኛም ቤት ገብተዋል፤ ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቢሮ የምንላቸው ከዚያው የመጡ ናቸው። «ለገሃር» ማለትም በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። ስለዚህ «የማናውቀው ቋንቋ የሚነገርበት አገር ነው» ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ይረጋጋ። በድሬዳዋ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አማርኛውና ሐረሪው በአንድ ሱቅ ደጃፍ ተደባልቆ ይነገራል፤ በአማርኛ አልጋ ጠይቆ የሚቸገር የለም።

«ከሄድን አይቀር ጅቡቲን ብናይስ?» የሚሉ ወጣቶች ገጥመውናል። ጅቡቲ እስከ ዛሬ ፈረንሳይኛ የመንግሥት ቋንቋዋ የሆነ አገር ናት። ነገር ግን ፓስፖርትና ቪዛ ይጠይቃል፤ ገንዘቧም ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ስለሆነ በእኛ ብር አልጋው የሚቀመስ አይደለም። ለቤተሰብ አንመክረውም።

የመጀመሪያው የወጪ ቁጠባ ቀኑን ማወቅ ነው። የምርቃት ቀን በእጃችን አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ግን ከየክፍለ አገሩ የመጣ ወላጅ ሁሉ አልጋ ስለሚፈልግ ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ ልጅቱ ቀኑን እንደሰማች ወዲያው አልጋውን እንድትይዝ ማድረግ ነው። እርስዋ እዚያው ናት፤ ክፍሉን በዓይንዋ አይታ፣ ቀብድ ከፍላ፣ ደረሰኝ ተቀብላ ልትቆይ ትችላለች። ለዚህ ደላላ አያስፈልግም። ለጉብኝት ወይም ለዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ግን ቀኑን ራሱ ይመርጣል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል በመሆኑ ከመላ አገሪቱ ሕዝብ ወደዚያ ይጎርፋል፤ በእነዚያ ቀናት ዙሪያ በድሬዳዋም በሐረርም ባዶ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው። በሐረር ደግሞ ስድስቱ የሸዋል ጾም እንዳበቃ የሚከበረው የሸዋል ዒድ አለ። ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ገንኗል፤ ሊያዩት የሚመጡ እንግዶችም አልጋ ቀድመው ይይዛሉ። ለበዓሉ ብላችሁ ካልሆነ በቀር ከእነዚህ ሰሞኖች ሽሹ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለደጋ ሰው ይስማማል። ከሚያዝያ ወዲህ ያለው ሙቀት ግን የደምበጫን አየር የለመደ ሕፃን ያስለቅሳል፤ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናትና።

ስለ መንገዱ ብዙ አንልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ከመነሣታችሁ በፊት ከሹፌሮች መጠየቅና አንድ ሁለት ቀን ተርፎ እንዲደርስ አድርጎ መነሣት ግድ ነው። ከደምበጫ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያንኑ ቀን ድሬዳዋ የሚደርስ የለም። ስለዚህ የአዲስ አበባዋ አንድ ሌሊት በሒሳባችሁ ውስጥ ትግባ፤ ሲሄዱ አንድ፣ ሲመለሱ አንድ። ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ይደር። የሌለው መርካቶ ታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቢፈልግ ለአውቶቡስ ተራም ለሶላትም ይቀርበዋል። ከአዲስ አበባ በባቡር ለመሄድ ያሰበ አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከከተማው ዳር ከለቡ መሆኑን ይወቅ። የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ ያጣራ፤ መታወቂያም ይያዝ። ድሬዳዋም ሲደርስ የሚያወርደው መሐል ከተማ ባለው አሮጌው ለገሃር ሳይሆን ከከተማው ወጣ ባለው አዲሱ ጣቢያ ነው። ሌሊት ላይ ከዚያ ወደ ከተማ መግቢያ የባጃጅ ዋጋ መከራከር ሕፃን ለያዘ ሰው ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሰፈሩ እንግባ። ድሬዳዋን ደቻቱ የሚባለው ደረቅ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ከዚራ አለ፤ ፈረንሳዮቹ መንገዱን ቀጥ አድርገው ያወጡት፣ ዛፍ ያጠላበት፣ አሮጌው ጣቢያ ያለበት ሰፈር ነው። ጸጥ ያለ ስለሆነ ለቤተሰብ ይመቻል፤ አልጋው ግን ትንሽ ወደድ ይላል። ማዶ መጋላ ነው፤ የቀፊራ ገበያ፣ መስጊዱ፣ ምግቡ፣ ርካሹ ሱቅ ሁሉ እዚያ ነው። አዛኑን መስኮት ከፍቶ መስማት የሚወድ ሰው መጋላን ይመርጣል፤ ጫጫታውን ግን ይቻል። የእኛ ምክር ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ከዚራ አድሮ መጋላ መብላት ነው። በክረምት ከወንዙ ዳር አልጋ አትያዙ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ደረቅ አሸዋ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ርካሽ አልጋ ሲባል ብዙ ጊዜ ቤርጎ ነው፤ ከፊት መጠጥ ቤት፣ ከጀርባ ክፍሎች። ቀን ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ማታ ሙዚቃው ሲከፈት፣ በሰዓት የሚከራዩት ክፍሎች በር ሲንኳኳ፣ እናትና ሴት ልጅ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰካራም መሐል ያልፋሉ። በማግሥቱ ያ ቤተሰብ ሌላ ማደሪያ ይፈልጋል፤ የከፈለውን ግን ማን ይመልስለታል? ርካሹ በሁለት እጥፍ ተከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ታች መጠጥ ይሸጣል ወይ? ክፍል በሰዓት ይከራያል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር የለም። ድሬዳዋ ሙስሊም የበዛባት ከተማ በመሆኗ መጠጥ የማይሸጥባቸው ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች አሉ፤ የሰፈሩን መስጊድ ሰዎች ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል።

ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል። አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ሕፃን ብለን እናስብ። ሆቴሉ ሦስት ክፍል ያዙ ሊላችሁ ይችላል። ሦስት ክፍል ለሦስት ሌሊት የዘጠኝ አልጋ ሒሳብ ነው። ሁለት ክፍል ይዞ አባትና ወንድ ልጁ በአንዱ፣ እናትና ሴት ልጅዋ ከሕፃኑ ጋር በሌላው ቢያድሩ ስድስት ይሆናል። አንድ ትርፍ ፍራሽ መሬት ላይ ማስነጠፍ ከአንድ ክፍል ዋጋ በእጅጉ ያንሳል፤ ዋጋውን ግን ቀድማችሁ ተስማሙ። የሚነገራችሁ ዋጋ ቫትን ጨምሮ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ፤ 15 በመቶ ቫት ስድስት አልጋ ላይ ሲጨመር የአንድ ሌሊት ዋጋ ሊያህል ምንም አይቀረው። ደህና ሆቴሎች ደግሞ የአገልግሎት ብለው የሚጨምሩት አለ። ቁርስ ከዋጋው ጋር ከሆነ ለስንት ሰው እንደሆነ ይታወቅ፤ ብዙ ጊዜ ለሁለት ብቻ ነው።

ክፍሉ ሲታይ አራት ነገር አይታለፍ፤ ቬንትሌተሩ ይሠራል? ውኃው አሁን ይወርዳል? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ዐጎበር አለው? የመጨረሻውን ቀላል ነገር አድርገን እንዳናየው። በድሬዳዋ ወባ አለ፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ችኩንጉንያ የተባሉት በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች ከተማዋን አዳርሰው ነበር። የእነዚህ የሁለቱ ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነውና ሕፃኑ ከሰዓት በኋላም ሲተኛ በዐጎበር ሥር ይሁን። ዐጎበር ከቤት ይዞ መሄድ ከመድኃኒት ዋጋ ያድናል። ኤሲ ያለው ክፍል ዋጋው ከፍ ይላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ቬንትሌተር ይበቃል፤ ለኤሲ መክፈል ብር ማባከን ነው።

ስንቅን በተመለከተ የጎጃም እናት ምክር አያሻትም፤ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ቆሎው ለመንገድ ይበቃል። በድሬዳዋ ጧት ፈጢራና ፉል፣ ቀን ሩዝ በሥጋ፣ ማታ ሳምቡሳና ሙሸበክ በየመንገዱ አለ፤ የሥጋውን ሐላልነት ለማጣራት እንደ ሌላ ከተማ መንከራተት የለም። ብር የሚበላው ውኃ ነው። የከተማዋ የቧንቧ ውኃ ጨዋማነት ስላለው ላልለመደው ሆድ ይከብዳል፤ አምስት ሰው በዚያ ሙቀት ትንንሽ ኮዳ እየገዛ ከጠጣ ከምግቡ በላይ ያወጣል። ትልቁን ጀሪካን ገዝቶ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። ደግሞም ከቀትር በኋላ ከተማዋ ከሙቀቱም ከጫቱም የተነሣ ታንቀላፋለች፤ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ሕፃን ይዞ ፀሐይ ላይ ከመዞር ተኝቶ፣ ዐስር ሰግዶ መውጣት ነው። ማታ ድሬ ሌላ ከተማ ትሆናለች።

የቂብላን ነገር እናንሣ። ከደምበጫ ስንሰግድ ፊታችን ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከድሬዳዋ ግን መካ ወደ ሰሜን ሆና ጥቂት ወደ ምዕራብ ናት። ከቤት በለመዱት አቅጣጫ በግምት ከመቆም የሆቴሉን ሠራተኛ መጠየቅ ይሻላል። ስለ ቀስር ሶላት፣ በተለይም ስንት ቀን ለሚቀመጥ ሰው እንደሚፈቀድ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ከመነሣታችሁ በፊት ኢማማችሁን ጠይቁ።

ልጃቸው ሐረማያ ለሆነች ወላጆች አንድ ነገር እንጨምር። ዩኒቨርሲቲው ከድሬዳዋ ይልቅ ለሐረር ይቀርባል፤ ሐረርም ከፍ ያለች፣ አየሯ ለደጋ ሰው የሚመች ናት። ስለዚህ እነርሱ ሐረር ቢያድሩ ይሻላል። ድሬ ያደረም ቢሆን የአንድ ቀን የሚኒባስ መንገድ ስለሆነ ሐረርን ሳያይ አይመለስ፤ 50 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት። የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረ ነው። ከ80 በላይ መስጊዶች በዚያች ጠባብ አጥር ውስጥ አሉ፤ በእግር መዞሩ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የሚጠራውን ቤት የሚያሳዩ ልጆች ይከተሏችኋል፤ ቤቱ እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው፣ ሰገነቱና የጣሪያው ሥዕል ግን መታየት ይገባዋል። የልጆቹን ዋጋ ቀድማችሁ ተስማሙ።

የመውጫውን ሰዓትም አትርሱ። አብዛኛው ሆቴል ክፍሉን ቀን 6 ሰዓት ላይ እንድታስረክቡ ይፈልጋል፤ ካለፈ የሌላ ቀን ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላል። መኪናችሁ ወይም ባቡራችሁ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ከሆነ ሻንጣውን እንግዳ መቀበያው ዘንድ በአደራ አስቀምጣችሁ፣ ቁልፉን መልሳችሁ፣ ደረሰኛችሁን ተቀብላችሁ ዙህርን መስጊድ ሂዳችሁ መስገድ ትችላላችሁ።