ባዶ የሚመስለው ጭቃ

ጎድዊት ረጅም እግርና ረጅም ምንቃር ያላት የውሃ ዳር ወፍ ናት። ምንቃሯን ጭቃ ውስጥ እየሰካች ትላትልና ቀንድ አውጣ ትለቅማለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ጀርባዋ ላይ 5 ግራም ያህል የሚመዝን በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መከታተያ የታሰረላት የአምስት ወር ጎድዊት ከአላስካ ታዝማኒያ ድረስ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ምንም ሳታርፍ በርራለች።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህን ክብረ ወሰን ነው። ለእኔ ግን የመከታተያው ትልቁ ውለታ የት እንደምታርፍ ማሳየቱ ነው። በ2007 «ኢ7» የተባለችው ጎድዊት ከኒውዚላንድ ተነሥታ በቻይናና በሰሜን ኮሪያ ድንበር ላይ ባለው፣ ያሉ በሚባለው ወንዝ አፍ ላይ አረፈች። እዚያ ለሳምንታት በልታ ስብ ካጠራቀመች በኋላ ነው ወደ አላስካ የቀጠለችው። ያ ጭቃ ባይኖር ጉዞዋ መሐል መንገድ ላይ ይቋረጥ ነበር።

ሰው ግን ጭቃ አይወድም። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሜ ወፎች ስመለከት፣ አንድ ጎብኚ «ይሄ ጭቃ ተጠርጎ ሣር ቢተከልበት እንዴት ያምር ነበር!» ሲል ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ምን እንደሚያስከትል ቻይና አይታዋለች። በ1979 የባሕር ዳር አፈር እንዲይዝ ተብሎ ከአሜሪካ የገባው ስፓርቲና የተባለ ሣር ጭቃውን ወረሰው። ሥሩ ስለሚጠላለፍ ምንቃር አያስገባም፤ ቁመቱም ጠላትን ይሸሽጋል። ዛሬ መንግሥት ብዙ ገንዘብ አፍስሶ እየነቀለው ነው። አረንጓዴ ሁሉ ልማት አይደለም።

ጭቃውን ማዳን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወፎቹ ጭቃው ላይ ይበላሉ፤ ሲሞላ ጭቃው ይሰጥማል። ያን ጊዜ አጠገቡ ሣር ያልዋጠው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል። ማረፊያው ከራቀ የበሉትን በመመላለስ ይጨርሱታል። የመከታተያው ነጥቦች ከባሕሩ መሙያና መሸሻ ሰዓት ጋር ሲነጻጸሩ ወፏ የት እንደምትበላና የት እንደምታርፍ ይለያል። በቻይናዋ ጂያንግሱ፣ ቲያኦዚኒ በሚባለው የባሕር ዳር ላይ በ2020 የዓሣ እርባታ ኩሬ የነበረ 48 ሄክታር መሬት ለዚሁ ማረፊያነት ተለቋል፤ እጅግ ብርቅ የሆነችው ማንኪያ ምንቃሯ የባሕር ዳር ወፍ ሳትቀር ትጠቀምበታለች።

ስለዚህ ባሕር ዳር የምታለሙ ሰዎች፣ ችግኝ ከመትከላችሁ በፊት ባሕሩ ሲሞላም ሲሸሽም ሄዳችሁ እዩ። ፎቶ ለማንሣት ብላችሁ ያረፈ መንጋ የምታስነሡም ተዉ፤ የምታስወጧቸው ጉልበት ለመንገዳቸው የቋጠሩት ስንቅ ነው።