ቂም ከየት ይነቀላል? የቡድሂዝም ሥነ ምግባር፣ የምዕራቡ ፍልስፍና እና ወንጌል

ቡድሂዝም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ምሥራቅ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን የቡድሃ ታሪክ በግእዝ መነበብ ከጀመረ ከ470 ዓመት በላይ ሆኖታል። የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ እንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በራላም ወይዋሴፍ» ምንጩ ይኸው ታሪክ ነው። በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ ቤተ መንግሥቱን የተወው ልዑል ከሕንድ ተነሥቶ፣ በብዙ ቋንቋዎች አልፎ፣ ክርስቲያን ሆኖ ደረሰን። «ይዋሴፍ» የሚለው ስም እንኳ «ቦዲሳትቫ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የልዑሉ ጥያቄ አልተለወጠም፤ መልሱ ግን በኒርቫና ፈንታ የክርስቶስ ጥምቀት ሆነ።

አንድ ጉዳይ፣ አራት ጥያቄዎች

ውድ አንባቢ፣ ልዩነቱን ለማየት ከአካባቢያችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ወሎ ባለፈው ጦርነት ልጁን ያጣ አንድ የመርሳ አባት እናስብ። በቀልን ይተው ዘንድ ምን እንለዋለን?

ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ መሠረት ጥያቄው የግዴታ ነው፦ የምትሠራበት መርሕ ለሰው ሁሉ ሕግ ሊሆን ይችላልን? ጆን ስቱዋርት ሚል ውጤቱን ይመዝናል፦ በቀልህ የሰዎችን ሥቃይ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? አርስቶትል ወደ ጠባይ ይመለሳል፦ የምትቆጣው በሚገባው ሰው ላይ፣ በሚገባው ጊዜና መጠን ነውን?

ቡድሂዝም ደግሞ ጥላቻው ከምን እንደ በቀለ ይጠይቃል። የክፋት ሥሮች ስግብግብነት፣ ጥላቻና ድንቁርና ናቸው፤ የድርጊት ክብደትም በሐሳቡ ይለካል። አለመግደልን የሚያስቀድሙት አምስቱ መመሪያዎች ፈጣሪ የሰጣቸው ትእዛዛት ሳይሆኑ ሰው ራሱን ሊያሠለጥን በፈቃዱ የሚገባቸው ቃሎች ናቸው። ስለዚህ ዴሚየን ኪዎን የተባለው ምሁር በ1992 እ.ኤ.አ. ይህን ሥነ ምግባር ከአርስቶትል ጋር አቀራረበው። ሌሎች ግን ሥቃይን መቀነስን ዓላማው ስለሚያደርግ ወደ ሚል ወገን ያስጠጉታል። ሁለቱም ንጽጽሮች ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፦ ቡድሃ እንዳስተማረው «ተበደልሁ» የሚለው «እኔ» ራሱ ጸንቶ የሚኖር ማንነት የለውም።

ወንጌል የሚለየው የት ላይ ነው?

ጌታችን ኢየሱስም ከግድያ አልፎ ወደ ቁጣ ወረደ (ማቴ. 5፥21-22)፤ ክፋት ከልብ እንደሚወጣ አስተማረ (ማር. 7፥21)። እስከዚህ ድረስ ከቡድሂዝም ጋር የምንጋራውን መካድ አይገባም። ቡድሂዝም ሐዘንን ይንቃል ማለትም ስሕተት ነው፤ ሥቃይ የመጀመሪያው እውነቱ ነውና።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን የሞተው ልጅ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነው ይላል (ዘፍ. 9፥6)። ስለዚህ ደሙ ይጮኻል፤ የሚሰማውም አለ። ሮሜ 12፥19 አባቱን በደሉን እንዲረሳ አያዘውም፤ በቀሉን ለባለቤቱ ለእግዚአብሔር እንዲተው እንጂ። ቂሙን ሊለቅ የሚችለው ፈራጅ ስላለ ነው።

ይህ ልዩነት በአገልግሎት ላይ ይታያል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ በሚያስተዛዝኑበት አገር ለቅሶ ቤት የሚገባ አገልጋይ «እርሳው» ብሎ አይውጣ። አብሮ ያልቅስ፤ ፍትሕ መጠየቅ ኃጢአት አለመሆኑን ይንገር፤ ከዚያም በጊዜው፣ ሳይቸኩል፣ ስለ ልብ ይናገር።