ትእዛዙ በስልክ ሲመጣ

የነርሶች የሥነ ምግባር ግንዛቤ ብዙ ጊዜ የሚለካው በመጠይቅ ነው። መጠይቅ ግን ነርሷ የምታውቀውን እንጂ ታካሚው አልጋ አጠገብ የምታደርገውን አያሳይም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ቻርልስ ሆፍሊንግና ባልደረቦቹ በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ማስረጃ ነው። አንድ የማይታወቅ «ዶክተር» ለተረኛ ነርሶች እየደወለ፣ በቀን ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን መድኃኒት 20 ሚሊ ግራም እንዲሰጡ አዘዘ። በስልክ መድኃኒት ማዘዝ በሆስፒታል ደንብ ክልክል ነበር። ሆኖም ከ22ቱ ነርሶች 21ዱ ትእዛዙን ሊፈጽሙ ሲሉ እንዲያቆሙ ተደረገ (እንክብሉ ጉዳት አልነበረውም፤ ነርሶቹን ሳያስፈቅዱ መፈተን ራሱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሳል)። ሁኔታው በጽሑፍ ብቻ ከቀረበላቸው ሌሎች 12 ነርሶች ግን 10ሩ «አንሰጥም» ብለው ነበር።

«መድኃኒቱ እንግዳ ነበር፤ የሚያማክሩትም ሰው አልነበረም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት መድኃኒቱ የታወቀው ቫሊየም ሲሆንና ባልደረባን ማማከር ሲቻል፣ ከ18 ነርሶች ለመስጠት የተዘጋጁት 2 ብቻ ነበሩ። በመካከሉ ያለፉት ዓመታትም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ነገር ግን ይህ ውጤት ክርክሩን ይበልጥ ያጠናክረዋል፤ ነርሷ እምነቷን በተግባር ላይ የምታውለው መድኃኒቱን ስታውቅ፣ አጠገቧ የምትጠይቀው ሰው ሲኖርና ሐኪምን «ለምን?» ማለት እንደ ድፍረት በማይቆጠርበት ክፍል ስትሠራ ነው።