ስለ ጓሮ ዶሮ ያሉን የተሳሳቱ ሐሳቦች

በየአጥቢያው ስንዘዋወር «ዶሮ ምን ወጪ አላት? ጭራ ታድራለች» ሲባል እንሰማለን። አነጋገሩ ለአበሻ ዶሮ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ጭራ የምታድረው ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ነው፤ 21 ቀን ስትታቀፍና ጫጩቶቿን ስታሳድግም መጣሏን ታቆማለች። የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ በትርፍራፊ ብቻ ብዙ አትጥልም፤ በቀን 120 ግራም ያህል የተመጣጠነ መኖና ንጹሕ ውሃ ትፈልጋለች። እኛም ይህን ሳናስረዳ ጫጩት ያከፋፈልንበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ጥፋቱ የገበሬው ብቻ አይደለም።

«አውራ ከሌለ እንቁላል የለም» የሚሉም አሉ። ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች፤ አውራው የሚያስፈልገው እንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ነው።

ከሁሉ የሚጎዳን ግን ስለ ፈንግል ያለን ሐሳብ ነው። ዶሮዎች አንገታቸው ሲጠማዘዝ፣ አረንጓዴ ኩስ ሲኩሱና በጥቂት ቀን ሲያልቁ «ነፋስ መታቸው» እንላለን። አንዳንዱ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ያጠጣል፤ ሌላው ለሰው የታዘዘ ካፕሱል ፈትቶ ውሃቸው ውስጥ ይበትናል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ስለ ሆነ አንዱም አያድነውም። መከላከያው ዶሮዋ ሳትታመም መከተብ ነው። ክትባቱ በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥም አለ። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ በኋላ የማይቆይ ስለ ሆነ፣ ጎረቤታሞች ከወረዳው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ጋር ተነጋግረው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ይሻላል። አንድ ጊዜ ተከትባለች ብሎ መተው ግን አይገባም፤ በየጥቂት ወሩ ይደገማል።

«ሳትሞት እንሽጣት» የሚለውን ደግሞ ሳንሸሽግ እንናገር። በአንድ አጥቢያ ለአንዲት መበለት በብድር የሰጠናቸው 6 ዶሮዎች አንድ ሳይቀር አለቁ። ጎረቤቷ ለበዓል ከገበያ ያመጣቻት ዶሮ አስቀድማ ታማ ነበር። ሻጩ ያተረፈው የአንዲት ዶሮ ዋጋ ነው። መበለቲቱ ግን ባዶ ቆጥና ዕዳ ቀረላት፤ ብድሩንም ከመዝገባችን የሰረዝነው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።

ስለዚህ የታመመችውን ወደ ገበያ አታውጧት። የሞተችውን ለውሻ ሳትጥሉ በጥልቅ ቅበሩ። ከገበያ የገዛችኋትንም ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ አቆዩአት፤ ውሃዋም ከሌሎቹ የተለየ ይሁን።